የስድሳዎቹ አግዳሚዎች ቁጥር

አዋሽ ሰባት፣ ጥቅምት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ የእህቴ ልጅ፣ ለመምህርት ሠርካዲስ
ሰመራ

ሰላምታዬ በሹፌር እስክንድር ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ገዋኔን አልፎ፣ አዳይቱ ላይ ሻይ ጠጥቶ፣ አንቺ ካለሽበት ይድረስ። ፈጣሪ ለሙቀቱ ጥላ፣ ለተማሪዎችሽ ጩኸት ትዕግሥት ይስጥሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። የጣቢያ ሰፈር ዕድራችን ግንቦት ላይ ስምንት አግዳሚ ተፈርዶበት ተነጠቀ። የታችኛው ሰፈር ዕድር አግዳሚው ላይ 7 ብሎ ይጽፋል፤ አዋሽ ሰባት ስለሆነ። እኛም አዋሽ ሰባት ስለሆንን 7 እንጽፍ ነበር። ለቀስተኛ ቆሞ እኛ በአግዳሚ ስንጓተት አፈርንና የእኛን 70 አደረግነው። ከዚያ ለለቅሶ የተዋሱንን ስምንት አግዳሚ አንመልስም አሉ። ሽማግሌ ፊት ቀረብን። ጸሐፊያቸው ተነሥቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሰባ ማለት የእኛ ሰባት አሥር ጊዜ ነው። ስለዚህ እነዚህ አግዳሚዎች የእኛው ልጆች ናቸው።» ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ጣታቸውን ቆጠሩ፤ ፈረዱለት!

የዕድራችን ዳኛ ከድሩ፣ ያ ከወሎ መጥቶ ሠላሳ ዓመት በካፌው ሻይ ያጠጣን፣ ከሽማግሌዎቹ ስንመለስ ክንዴን ያዘኝ። «ጥጋቡ፣ አንተ አይደለህ የቁጥር ሰው? ከማንም ያልተወለደ ቁጥር ፈልግልን።»

እውነቱን ነው። ባቡር ጣቢያው ሠላሳ ዓመት የፉርጎ ቁጥር መዝጋቢ ነበርኩ፤ ባቡሩ ሲዘገይ ደግሞ ቁጥሮቹን ሳካፍል ነው የኖርኩት። ፈልጌ አገኘሁ፦ 1,000,007። ሚሊዮኑ ለግርማ፣ ሰባቱ ለአዋሽ። በአንድና በራሱ ካልሆነ በማንም የማይካፈል፣ እናንተ ትምህርት ቤት ብቸኛ ቁጥር የምትሉት ይመስለኛል። «ይመስለኛል» ተብሎ ግን አይማልም፤ ዕድሩ ደግሞ መሐላ ይፈልጋል።

እንግዲህ ሥራው ይህ ነው። ከሺህ በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች መቶ ስድሳ ስምንት ናቸው። በእነሱ ካልተካፈለ በማንም አይካፈልም፤ ከሺህ በላይ የሆነ አካፋይ ቢኖረው ጓደኛው ከሺህ በታች መውረዱ አይቀርማ። ሰማንያ አራቱን፣ ከ2 እስከ 433፣ እኔ ጨርሻለሁ። የመጀመሪያዎቹን በሰኔ ወር እንደየቀናቸው ነው የሠራኋቸው፤ በሁለት ቀን ሁለትን፣ በሦስት ቀን ሦስትን እያልኩ። የቀሩትን እስከ መስከረም ጨረስኳቸው። ከ439 እስከ 997 ያሉት ሰማንያ አራቱ የአንቺ ድርሻ ናቸው። በእጅሽ አካፍይ። ስልክ እንዳትነኪ፤ ስልክ እጁን አንሥቶ አይምልም። ጉባኤው ጥቅምት 18 እሑድ ነው።

አጎትሽ ጥጋቡ
የዕድሩ ጸሐፊ

*

ሰመራ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለጋሼ ጥጋቡ
አዋሽ

እንደ ሰመራ ፀሐይ የማይቀዘቅዝ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ዕድሜና ጤና ከነጉልበቱ ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ሰማንያ አራቱንም በእጄ አካፍያለሁ፤ ደግሜም አይቼዋለሁ። አንዱም ያለ ቀሪ አያካፍለውም። ድንቅ ቁጥር ነው የመረጡት! የአኃዞቹ ድምር ስምንት ስለሆነ ሦስት አይደፍረውም፤ መጨረሻው ሰባት ስለሆነ ሁለትና አምስት ከሩቁ ይመለሳሉ፤ ሰባት ራሱ እንኳ ሲያካፍለው አንድ ይተርፈዋል። ያለ ሥጋት ይማሉ።

እስክንድር ሞተር አስነሥቶ ስለሚጠብቀኝ አሳጠርኩ።

ልጅዎ ሠርካዲስ

*

አዋሽ ሰባት፣ ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዕድራችን ኩራት፣ ለመምህርት ሠርካዲስ

ሰላምታዬ ዛሬ ብቻውን አልመጣም፤ የመቶ አሥር አባወራና እማወራ ጭብጨባ አስከትሏል።

ጉባኤው ላይ ብታዪኝ! ሱፌን ለበስኩ። ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ንብረት ያዣችን ተስፋነሽ ዐይኗን አጥብባ አየችውና «ይኼ የአግዳሚ ቁጥር ነው ወይስ የሕዝብ ቆጠራ?» አለች።

«ከማንም ያልተወለደ ቁጥር ነው» አልኳት።

«ማን አየ ሲወለድ?»

«እኔ ግማሹን አካፍዬ አይቻለሁ። ግማሹን የእህቴ ልጅ አካፍላ አይታለች። የሒሳብ መምህርት ናት፤ ሰመራ።»

ከድሩ መተዳደሪያ ደንቡን ከፍቶ አንቀጽ 14ን አነበበ። ጽሑፉ የእኔው ነው፤ ስጽፈው ሌላ ሰው ላይ እንጂ እኔ ላይ ይነበባል ብዬ አላሰብኩም፦ «በሐሰት የማለ አባል ይሰረዛል፤ ሲሞትም ድንኳን አይተከልለትም፣ አግዳሚ አይወጣለትም፣ ቀባሪ አይጠራለትም።» እጄን ደንቡ ላይ አድርጌ ማልኩ። «ወላሂ ልቤ አረፈ!» አለ ከድሩ። በማግስቱ ስድሳውም አግዳሚ ላይ በዘይት ቀለም 1,000,007 ተጻፈ። ቁጥሩ ረጅም ስለሆነ አግዳሚው ላይ የሚቀመጥ ሰው ቢያንስ ሁለት ዜሮ ይሸፍናል።

አንድ ነገር ብቻ። ተስፋነሽ «ልጅቱ ያካፈለችበት ወረቀት ይምጣና ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ» ብላለች። የእኔን አስገብቻለሁ። የአንቺን ሰማንያ አራት በእስክንድር ላኪልኝ።

አጎትሽ ጥጋቡ

*

ሰመራ፣ ኅዳር 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ በፈተና ዝግጅት ተወጥሬ እንጂ ደህና ነኝ።

ወረቀቶቹን ለምሳሌ እንዲሆናቸው ለተማሪዎቼ አውሻቸው ነበር። እየሰበሰብኩ ነው። እንደተሟሉ እልካለሁ።

ተስፋነሽን ሰላም በሉልኝ። የሚቸኩል ነገር አለ እንዴ?

ሠርካዲስ

*

አዋሽ ሰባት፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ሠርካዲስ

ጤናሽን እመኛለሁ፤ ከእኔ የበለጠ እንዲሆን። ይህን ደብዳቤ ጨው ሊጭን ባዶውን ወደ አፍዴራ በሚሄድ መኪና ነው የላክሁት። ለምን በእስክንድር አልሆነም ብትይ፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

ተስፋነሽ በየሳምንቱ «ወረቀቱስ?» ትለኛለች። አንድ እሑድ ካፌው ሙሉ ሰው ፊት ስትጠይቀኝ፣ አፌ እኔን ሳያማክር «እስክንድር መንገድ ላይ ጥሎት ነው» አለ። ወረቀት ሰጥታው እንደሆነ እንኳ ጠይቄ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን እስክንድር ሰማ። ሃያ ዓመት በደጄ ሲያልፍ ጡሩምባ የሚነፋልኝ ሰው ዛሬ ዝም ብሎ ያልፋል። ዝምታው ከጡሩምባው ይበልጥ ይሰማል።

ሌላው ዜና ደረቴ ነው። ስተኛ ያፍነኛል። ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር፤ ሐኪሟ ልቤን አዳምጣ ዝም አለች፤ ከዚያ «ጋሼ፣ ደረጃ አይውጡ» አለችኝ። አዋሽ ውስጥ ደረጃ የት አለ? ነገሩ ግን ገብቶኛል። ሰው እንዲህ ሲባል ስለ ዕድሩ ያስባል።

ወረቀቱን ከላክሽልኝ እሰየው። ካልላክሽም ጻፊልኝ። ምንም ቢሆን ጻፊልኝ።

አጎትሽ ጥጋቡ

*

ሰመራ፣ የካቲት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታ ልጽፍ ብዬ ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። ሰላም የሚል ሰው ቀና ማለት አለበት፤ እኔ ማለት አቃተኝ። ልብዎን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ፤ ሌላ ምርቃት ለመመረቅ መብት የለኝም።

ያኔ አላካፈልኩም። አንዱንም። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ሙቀቱ አርባ ነበር፤ እስክንድር ጠዋት ሊመለስ ነበር። «የጋሼ ቁጥር መቼም ልክ ነው» አልኩና ጻፍኩ። እኔ፣ ከጓደኛው መልስ የገለበጠ ተማሪ ሳገኝ ክፍል ፊት የማቆም! የተማሪዎቹም ወሬ ውሸት ነው። የተዋሰኝ የለም፤ የማውሰው ወረቀትም አልነበረም።

ስለ ደረትዎ ሲጽፉልኝ ተቀመጥኩና ጀመርኩ። በ439 ሲካፈል 404 ይተርፋል። እንዲህ እያልኩ ሄድኩ፤ በ997 ሲካፈል 16 ተረፈ፤ አለቀ። የስድስት ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው የፈጀው። ሥራው ከባድ ቢሆን ኖሮ እንኳ ማመካኛ ይኖረኝ ነበር። ሰማንያ አራቱም ንጹሕ ናቸው፤ ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት! ኀፍረቴን ልካስ ብዬ የእርስዎንም ድርሻ ልድገመው አልኩ። 2 አለፈ፤ 3 አለፈ፤ 23 ላይ 13 ተረፈ። 29 ላይ ምንም አልተረፈም።

ቀሪ ጠፋብኝ ብዬ ጠረጴዛ ሥር እንደወደቀ እርሳስ ፈለግኩት። አምስት ጊዜ ደገምኩት። ሃያ ዘጠኝ ሲባዛ በ34,483 ልክ 1,000,007 ይመጣል። ቁጥራችን ወላጅ አለው፤ ያውም ሁለት።

ልደብቀው ነበር። ነገር ግን አንዴ ዋሽቼ ያስማልኩዎትን ሰው፣ ሁለተኛ ዝም ብዬ ከመሐላው ጋር ልተውዎት አልቻልኩም። ይቅር በሉኝ ማለትም ያሳፍራል። በሉኝ ግን።

ሠርካዲስ

*

አዋሽ ሰባት፣ መጋቢት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሠርካዲስ ልጄ፣

አርባ ቀን መልስ ያልጻፍኩት ተቆጥቼ አይደለም። ለቁጣ ቀና ማለት ያስፈልጋል፤ አንቺ ያልሽው ነገር እኔንም ይዞኛል።

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ወረቀቴን ከዕድሩ ሣጥን አውጥቼ አየሁ። ሁለት አለ፣ ሦስት አለ፣ እስከ ሃያ ሦስት አለ። ከዚያ ሠላሳ አንድ። ሃያ ዘጠኝ የለም። ሰኔ 29 በዓለ ወልድ ነው፤ የእናቴ የማኅበር ቀን። ሌላውን በዓል እንደ ነገሩ ነው የማከብረው፤ በዚያ ቀን ግን ብዕር ላልይዝ ከልጅነቴ ተስያለሁ። ነገ እሠራዋለሁ አልኩ። በማግስቱ ሠላሳ ሆነ። ሰኔ ሠላሳ አንድ ቀን ስለሌለው «31ን ዛሬ ላስቀድመው» አልኩና እሱን ሠራሁ፤ ሃያ ዘጠኝም በዓሉን እንዳከበረ ቀረ። አንድ ፉርጎ ሳይመዘገብ አምልጦኝ አያውቅም እያልኩ ስፎክር የኖርኩ ሰው!

ይህ ትንሹ ነው። ትልቁን ልንገርሽ።

አንቺ እንዳላካፈልሽ አውቅ ነበር። እስክንድር ደብዳቤውን ማታ ሰጥቶሽ ጠዋት መልስ ይዞ ወጣ። የጻፍሽልኝም ስለ ሦስትና ስለ ሰባት ነው፤ እነሱ የእኔ ድርሻ ናቸው። ከአንቺ ድርሻ አንድ ቀሪ እንኳ አልጠቀስሽም። ሠላሳ ዓመት ወረቀት ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም። ግን ሱፌን አስተኩሼ ነበር። ሰሌዳ ተውሼ ነበር። መቶ አሥር ሰው ሊያጨበጭብልኝ ተዘጋጅቶ፣ «ልጅቱ አልሠራችውም» ብዬ ልመለስ? ማልኩ። አንቺ የዋሸሽው ለእኔ ብቻ ነው፤ እኔ ያንን ውሸት እያወቅሁ ደንብ ላይ እጄን ጫንኩበት። ወረቀቱን እየደጋገምኩ የጠየቅሁሽም፣ እባክሽ ኋላም ቢሆን ሥሪውና መሐላዬን እውነት አድርጊልኝ ማለቴ ነበር።

እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። አግዳሚዎቹ በሰፈሩ ይዞራሉ። ለቅሶ ቤት ሄጄ ቆሜ እመለሳለሁ፤ መቀመጥ አልቻልኩም።

ጥጋቡ

*

ሰመራ፣ መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ፣

መድኃኒትዎን እየወሰዱ ነው? ከሁሉ በፊት እሱን ይመልሱልኝ።

መፍትሔ አግኝቻለሁ። 1,000,003። ይህን በመቶ ስድሳ ስምንቱም በእጄ አካፈልኩት፤ ሃያ ዘጠኝን ጭምር፤ እንዲያውም ሃያ ዘጠኝን አራት ጊዜ። በማንም አይካፈልም። እውነተኛ ብቸኛ ቁጥር ነው። ሰባትን ሦስት ለማድረግ ደግሞ አንድ ብሩሽና አንድ ጠዋት ይበቃል። ስድስት አኃዝ ቆጥሮ መጨረሻው ላይ የሚደርስ ለቀስተኛ የለም። መሐላውም ከዚያ በኋላ እውነት ይሆናል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ።

ይህን ስጽፍ እጄ አላማረበትም፤ አውቃለሁ። ግን ልብዎ እንዲህ ሆኖ አንቀጽ 14 ይነበብብዎ? ደግሞ ያ የታችኛው ሰፈር ጸሐፊ አንድ ቀን ቢነቃ፣ አግዳሚው ላይ 29 ብሎ ይጽፍና «ስድሳውም ልጆቼ ናቸው» ይላል። ይፈረድለታልም።

እባክዎ ጋሼ። ሌላ ሰው ሳያውቅ።

ሠርካዲስ

*

አዋሽ ሰባት፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሠርካዲስ

መንገዱ የቀና፣ ወሬው የተቃና ይሁንልሽ። መድኃኒቱን እየወሰድኩ ነው።

ያልሽኝን አደረግሁ። ማለቴ አንዱ አግዳሚ ላይ አደረግሁ። ቀለም ቀላቅዬ ሰባቱን ሦስት አደረግሁት፤ አምሮበት ተቀመጠ። ፊት ለፊቱ ቆሜ ስመለከተው፣ ማንም እንደማያውቅ እርግጠኛ ሆንኩ። ያኔ ደነገጥኩ። ማንም እንዳያውቅ አድርጌ ስሠራ ይህ ሁለተኛዬ ነው፤ እጄ መልመዱ ነው አልኩ። ሳይደርቅ በጋዝ ጠረግሁት።

እሑድ ጉባኤ ላይ ተነሣሁ። ሱፉን አልለበስኩም። ስለ ሃያ ዘጠኝ ነገርኳቸው። ሳታካፍይ ጨረስኩ ማለትሽን ነገርኳቸው። ያንን እያወቅሁ መማሌን ነገርኳቸው። የአንቺን ሳላስፈቅድ ስለተናገርኩ ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ ግማሽ እውነት ተናግሬ ከምቀመጥ ቆሜ ብቀር ይሻለኝ ነበር።

ተስፋነሽ ቀደመች።

«እኔ እኮ አግዳሚዎቼን በእግራቸው ነው የማውቃቸው» አለች። «የትኛው እንደተሰነጠቀ፣ የትኛው እንደሚያነክስ። የጠየቀኝ የለም። ሚሊዮን ፍለጋ ሄዳችሁ!»

«ኧረ በአላህ ተስፋነሽ፣ ሰውየው ታሟል» አለ ከድሩ።

«ታመምኩ ብሎ ነው እንዴ የተነሣው? ዋሸሁ ብሎ ነው።» ልክ ናት።

ወደ እስክንድር ዞርኩ። በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። «ወረቀት ሰጥታህ አታውቅም፤ አንተም ጥለህ አታውቅም። በስምህ የሸፈንኩት የራሴን ነው» አልኩት። «የአራት ወር ጡሩምባ ተጠራቅሞብኛል» አለ። ሰኞ ጠዋት ደጄ ቆሞ አወራረደው፤ የጎረቤት ሕፃናት በሙሉ አለቀሱ።

አንቀጽ 14 ግን አንቀጽ 14 ነው። ከድሩ አነበበው። ከዚያ የአባላቱን መዝገብ ወደ እኔ ገፋው። ጸሐፊው እኔ ነኛ፤ በደንቡ መሠረት መዝገቡ ላይ ብዕር የሚያሳርፍ ጸሐፊው ብቻ ነው። ስሜን ፈለግኩ፤ 41ኛ ተራ ላይ ነኝ። ማስመሪያ ተውሼ በቀጥታ መስመር ሰረዝኩት። ቀጥ ያለ ሥራ ነው፤ ተስፋነሽም ሳትወድ ራሷን ነቀነቀች።

ልወጣ ስል እሷው ናት የጠራችኝ። «ቁጭ በል። ሥርዝ አባል እንዴት እንደሚመለስ ደንቡ አይናገርም፤ ስለዚህ እኔ እናገራለሁ። የስድሳውም አግዳሚ ቀለም ይፋቅ። በእጅ። በእኔ ቁጥጥር። ከዚያ ስሙ ይጻፍ።»

«ስድሳ?» አለ ከድሩ። «በዚህ ልብ?»

«ማን ብቻውን አለ? ሥራውን ለሁለት ተካፍለው አይደል የዋሹን? ለሁለት ይካፈሉት።»

እጅ ወጣ፤ ጸደቀ።

እንግዲህ ሠላሳዎቹን እየፋቅሁ ነው። የዘይት ቀለም ክፉ ነው፤ ዜሮዎቹ ቶሎ ይለቃሉ፣ ሰባቱ ግን እንጨቱ ውስጥ ገብቷል። በቀን አንድ አግዳሚ፣ ሲሻለኝ አንድ ተኩል። ተስፋነሽ እያንዳንዱን በጣቷ ትዳስሰዋለች፤ ትናንት አንዱን መለሰችብኝ። ሰው ሲያልፍ ያየኛል፤ እኔም አያለሁ። ለማፈር ጊዜ ነበረኝ መሰለሽ? አሁን ነው ያገኘሁት፤ ካሰብኩት ይልቅ ደግሞ ይቻላል።

የአንቺ ሠላሳዎቹ ከድሩ ጓሮ ተደርድረዋል። ማንም አይነካቸውም፤ እኔም ብጨርስ እንዳልነካቸው ተስፋነሽ አስጠንቅቃኛለች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሳይሆን በዚህ ቅዳሜ ነዪ። ሐኪሟ ትናንት እንደገና ልቤን አዳምጣ እንደገና ዝም ብላለች። ልጄ፣ አንቺ ሠላሳዎቹን እስክትጨርሺ ድረስ የምሞትበት ዕድር የለኝም።

አጎትሽ ጥጋቡ
የቀድሞ ጸሐፊ